ፊቴ ጠበቃ የያዘበት ጾም

ለሆዱ የሚጨነቅ ወንድ ብዙ አይቻለሁ። ለርስቱ የሚጨነቅማ አገሩን ሞልቶታል። ለፊቱ ቆዳ የሚጨነቅ ወንድ ግን በጎጃም ምድር አልተወለደም ሲባል እሰማለሁ። ሐሰት ነው። ተወልዷል፤ ይኸው እኔ አለሁ። ደግሞ መስታወት ይዤ፣ መልኬ አሳስቦኝ የተጨነቅሁ እንዳይመስላችሁ። ተገድጄ ነው። እንኳን መጨነቁ፣ ፊት የሚባል ነገር ተሸክሞ መዞሩ ራሱ ታክቶኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ቡሬ ላይ በተቀመጠበት ዘመን ነው። ያኔ ፍኖተ ሰላም ገና ፍኖተ ሰላም አልተባለችም፤ ወጀት ነበረች። እኛ የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው፤ እናቴና እኔ፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት አህያ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ። ጣሊያን በከተማው ዳር ምሽግ መሥራት ጀመረና ጭቃ ሹሙ ከየቤቱ አንድ አንድ ጉልበተኛ ይውጣ ብሎ አዘዘ። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ቤት ጉልበተኛዋ እናቴ ነበረች። ሴት አንወስድም ስላሉ ግን እኔ ሄድሁ።

ሥራዬ ኖራ ማቡካት ሆነ። ኖራ ለማያውቀው ሰው ዱቄት ይመስላል። ውሃ ሲነካው ግን ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ በአካፋ ባገላበጡት ቁጥር ትንፋሹ ፊት ለፊት ይመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴ ደረቀ። በሁለተኛው ተሰነጠቀ። በሦስተኛው ይላጥ ጀመር። እጄማ የሚያዝያ ዋልካ መሬት መስሎ፣ ስንጥቁ ውስጥ ጤፍ ቢዘሩበት ይበቅል ነበር። ስስቅ ጉንጬ ስለሚደማ መሳቅ ተውሁ። ጣሊያን ባለበት አገር የሚያስቅ ነገርም ብዙ ስላልነበረ በዚህ በኩል የቀረብኝ የለም።

ይህን ሁሉ ችዬው እኖር ነበር። ችግሩ፣ ሠርግ ተቀጥሮብኛል። ከወጀት ወዲያ ማዶ ያሉ መሪጌታ ጥሩነህ የሚባሉ የቅኔ መምህር ልጃቸውን አንጓችን ሊድሩልኝ ቃል ሰጥተው፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። አንጓችን አይቻት አላውቅም፤ እሷም አላየችኝም። ያኔ እንዲያ ነበር፤ ሰው ሳይጋባ አይሰለቻችም። ያዩኝ አባቷ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ያዩኝ ፊቴ ደኅና በነበረበት ወራት ነው። መሪጌታ ደግሞ ዝም ብለው የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሰላምታቸው እንኳ ሰምና ወርቅ አለው። «እንደምን ከረምህ» ያሉኝ ዕለት ወርቁን ስፈልግ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት አማላጃችን ከወጀት መጣ። ፊቴን ላለማየት ጣራውን እያየ፣ «መሪጌታ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብለዋል» አለ። «ልጡ የተነሣ ዛፍ ይደርቃል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብለዋል።»

ይህን ለመፍታት ሳምንት አልፈጀብኝም። ልጡ የተነሣው ዛፍ እኔ ነኝ። የፊቴ መላጥ ወጀት ደርሷል። አማላጁ እየተጎተተ ሲያወጣው፣ ወሬው የደረሰው ደግሞ ኖራ ነው ተብሎ አይደለም፤ ሥጋ ደዌ ነው ተብሎ ነው። መሪጌታ በደብረ ዘይት እሑድ ራሳቸው መጥተው አይተውኝ፣ ወይ ሠርጉ ይጸናል፣ ወይ ቃሉ ይፈርሳል። የቀረኝ ሦስት ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ነበር።

እናቴን ቅቤ ስጪኝ አልኋት። ጤነኛ ሰው የተሰነጠቀ ቆዳውን በቅቤ ነው የሚቀባው። እናቴ ግን በሑዳዴ እንኳን መብላት፣ ቅቤ ያለበትን ቅል ከፍቶ ማሽተትም ጾም ያስገድፋል የምትል ሴት ናት። ራሷ ፀጉሯን ሳትቀባ ሁለት ወር ሙሉ በሻሽ ጠምጥማ ትከርማለች። «የአንተ ፊት ከእኔ ራስ በምን ይበልጣል?» አለችኝ።

የኑግ ዘይት ሰጠችኝ። ተቀባሁት። የሽሮ ወጥ ሸተትሁ። ሥራ ቦታ ስደርስ ደግሞ የኖራው ብናኝ ዘይቱ ላይ እየተለጠፈ፣ ከቀትር በፊት ፊቴ ራሱ ግድግዳ ሆነ፤ አንዱ ግንበኛ ተሳስቶ ድንጋይ ሊያስቀምጥብኝ ምንም አልቀረው። በማግሥቱ የጉሎ ዘይት ሞከርሁ። የጉሎ ዘይት ለቆዳ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለዝንብ ግን መድኃኒት ነው፤ የቡሬ ዝንብ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። እናቴ እሬትም አመጣች። እሬቱ ፊቴን ጠበቅ አደረገው፤ ከዚያ ወደ አፌ ወርዶ ሦስት ቀን የበላሁት ሁሉ መረረኝ። ጾምን ለማክበር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

እንግዲህ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ ነው የካቦውን አፍንጫ ያየሁት።

ካቦ የምንለው ነጩ የሥራ አለቃችን ነው። አፍንጫው ረዥም ስለሆነ የቡሬ ፀሐይ ከሰውየው ሁሉ አስቀድማ እሱን ታገኘዋለች። በየሳምንቱ ይቀላል፣ ይላጣል። ያን ሰሞን ግን ካቦው ከድንኳኑ አንድ አረንጓዴ ነገር አፍንጫው ላይ ለጥፎ ብቅ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቁን በጋቢው አፈነ። እኔ አልሳቅሁም፤ መሳቅ አልችልማ። ዝም ብዬ ስከታተል ሰነበትሁ። ባራተኛው ቀን ያ አፍንጫ ተጠምቆ እንደ ወጣ የሕፃን ጉንጭ ሆነ።

ወደ አስተርጓሚው ወደ ይርጋ ሄድሁ። ይርጋ የጣሊያኖች ወጥ ቤት እንጨት ፈላጭ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ አስተርጓሚ ሆነ። የሚያውቀው የጣሊያን ቃል ከአርባ አይበልጥም፤ አርባውንም ግን ያለ ፍርሃት ይጠቀምባቸዋል። ይዞኝ ካቦው ዘንድ ቀረበና ፊቴን በጣቱ እያሳየ አንድ ነገር አለ። ካቦው ፊቴን አየ። የሠራተኛ ፊት ማየት ልማዱ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አየና ዘገነነው መሰለኝ፣ ገብቶ ሦስት ፍሬ ይዞ ወጣ። ከአስመራ በካሚዮን የመጣለት ነው። ቅል የመሰለ፣ አረንጓዴ፣ ቆዳው እንደ እንቁራሪት ጀርባ የሻከረ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ያለው ነገር የሰው ቆዳ እንዴት ያለሰልሳል ብዬ በልቤ አማሁት።

ስሙ ማን ነው አልሁ። ካቦው «አቮካዶ» አለ።

ይርጋ ፊቱ በራ። «አቮካቶማ አውቀዋለሁ» አለኝ፤ «ጠበቃ ማለት ነው። ችሎት ላይ ቆሞ የሚሟገተውን ነጭ እንዲያ ነው የሚሉት።»

ፍሬ ስለ ምን ጠበቃ ይባላል ብዬ ጠየቅሁት። ይርጋ ጥቂት አሰበና፣ «ለቆዳ ስለሚሟገት ነዋ» አለ። እኔን ጅሉን አሳመነኝ። ዛሬ ሳስበው እውነትም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አልተገኘለትም።

ካቦው በእጁም በአፉም ጥቅሙን ነገረኝ። ውስጡ ዘይት አለው፤ ዘይቱ እንደ ኑግ ላይ ላዩን አይቀርም፣ ቆዳ ውስጥ ይሰርጋል፤ የደረቀውን ያርሳል፣ የተቃጠለውን ያበርዳል፣ የሻከረውን ያለሰልሳል። ይርጋ ከራሱ ጨምሮ «ቆዳን ይመግባል» አለ። በጾም ቆዳን መመገብ ይፈቀዳል ወይ ብል፣ እሱን ንስሐ አባትህን ጠይቅ አለኝ። በመጨረሻ ካቦው ፍሬውን እንደ መቁረጥ፣ እንደ መዳመጥ፣ ፊቱን እንደ መቀባት አደረገ፤ የእጅ ሰዓቱን ነካ ነካ አድርጎ ሦስት ጣት አሳየኝና እንደ መታጠብ አለ። ይርጋ፣ «ሦስት ቀን ሳትታጠብ ቆይ ነው የሚለው» ብሎ ተረጎመ። ሰዓት ነክቶ ቀን የሚል ሰው እንዴት አላጠራጠረኝም ትሉ ይሆናል። ሰዓት ኖሮኝ ስለማያውቅ ነው።

ቤት ወስጄ አንዱን ልቆርጠው ብል እንደ ድንጋይ ጠነከረ። እናቴ፣ ድንች መሆን አለበት ብላ እድስት ከተተችው። ከቀትር እስከ ማታ ተቀቀለ። ብቀምሰው ከእሬቱ የባሰ መረረኝ፤ አህያችን እንኳ አሽትታ ፊቷን አዞረች። በማግሥቱ ለይርጋ ብነግረው፣ ሞኝ፣ እስኪበስል በጭድ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ይቀቀላል ወይ ብሎ ሳቀብኝ። ይህን አስቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? የቀሩትን ሁለቱን በጤፍ ጭድ ቀብሬ በቀን ሦስት ጊዜ እየዳበስሁ ከረምሁ። ዶሮም እንደዚያ አትታቀፍም።

ለደብረ ዘይት እሑድ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ አንዱ ለዘብ አለ። ዕድል ሆኖ ያን ሳምንት አርበኞች መንገዱን ቆርጠው ኖራ የሚያመጣው ካሚዮን ስለቀረ፣ ከሥራ ተሰናብተን ነበር። ፍሬውን ቆረጥሁት። ውስጡን ሳይ ደነገጥሁ። ቅቤ ነው። አረንጓዴ ያለበት ቢጫ ቅቤ፣ በጣት ሲነኩት የሚቀልጥ። እናቴ አማተበች። «ይህን እዛፍ ላይ ያለበው ማን ነው?» አለች። ከላም እንዳልወጣ አስረድቼ፣ የፍስክ አለመሆኑን ምዬ፣ ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ ለቀለቅሁት። ለእጄ አልተረፈም።

ወዲያውም በረድ አለኝ። ሳምንታት ሙሉ ሲቆጠቁጠኝ የኖረው ፊት ዝም አለ። ዝም የሚል ፊት እንዴት ያለ ጸጋ መሰላችሁ! እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ እሳት ልትጭር መጣች።

እትዬ ማንጠግቦሽ በርበሬ ነጋዴ ናት። የቡሬን በርበሬ ወጀት ታደርሳለች፤ ከበርበሬው ጋር ወሬ ትመርቃለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አላስገባ አለቻት። ልጄ እንደ ሙሽሪት ፊቱን ተለቅልቆ ተቀምጧል ማለት አፈረች። እትዬ ማንጠግቦሽ የልጁ ፊት ነገር እንዴት ሆነ ብላ ብትወተውታት፣ እናቴ ሐሰት መናገር ጾም ያስገድፋል ብላ ስለምታምን፣ «ጠበቃ ይዞበታል» ብላ መለሰቻት። እውነት ነው። ቃል በቃል እውነት ነው። ከዚህ እውነት ሐሰቱ በተሻለ ነበር።

ረቡዕ እትዬ ማንጠግቦሽ ወጀት ገበያ ወረደች። ረቡዕ ማታ መሪጌታ ጥሩነህ የሰሙት እንዲህ የሚል ነው፤ ሊድሩለት ያሰቡት ልጅ፣ ስለ ፊቱ ክፉ ስላወሩበትና ቃል ሊያፈርሱበት ስለሆነ፣ ቡሬ ካለው የጣሊያን ችሎት ነጭ ጠበቃ ገዝቶ ሊከሳቸው ነው። ልጅቱንም በጠላት ዳኛ ትእዛዝ ሊወስዳት ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። እኔ የማውቀው ፊቴ መጥቆሩን ነው። ያ የሚያምረው አረንጓዴ ነገር ባደረ ቁጥር መልኩን እየለወጠ፣ ረቡዕ ቡኒ ሆነ፣ ሐሙስ ጠቆረና ደረቀ፣ ዓርብ ቅርፊት ሠራ። ልታጠብ እልና ሦስት ቀን የሚለውን አስባለሁ። ዓርብ ቀትር ላይ ደክሞኝ ደጅ ካለችው ዋንዛ ሥር ተጋደምሁ። እንቅልፍ ወስዶኝ ሳለ አንድ ሻካራ ነገር ጉንጬን ሲፍቀኝ ነቃሁ፤ ጥጃችን ናት። ግራ ጉንጬን ልሳ ልሳ ጨርሳለች። እሷን ልገፋ ቀና ስል፣ በቅሎ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ከበላዬ ሆነው ቁልቁል ያዩኛል።

መሪጌታ ናቸው። ከእሑድ ሁለት ቀን ቀድመው መጥተዋል። ከበቅሎዋ ኋላ እያነከሰ የሚከተላቸው ጎፈሬው የደን ያህል የሆነ ጎልማሳ አለ፤ በጋቢው ሥር አንድ ረዥም ነገር ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአንጓች ታላቅ ወንድም አላምረው ነው። አላምረው ዱር ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። ጣሊያን ካለበት የሰዓት መንገድ በማይሞላ ደጅ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ምንሽር ጠመንጃውን ጋቢ አልብሶ የመጣው እኔን ለማየት መሆኑ ሲገባኝ ያ ዝም ያለው ፊቴ እንደገና ይነድ ጀመር። እናቴ ተጣድፋ በቅሎዋን ከቤት ኋላ አሰረች፤ እነሱን ቤት አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

መሪጌታ መደብ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ስለ ፊቴ ምንም አላሉም። ቅርፊቱንም፣ የተላሰውንም ጎን እያዩ አላዩም።

«እኛ የሰጠነው ልጅ ነው እንጂ ክስ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲህ ከመጣን ዘንድ ጠበቃህን ጥራልን። ፊት ለፊት እንነጋገር።»

ምድር አፏን ብትከፍት በገባሁ። ወሬው ደርሷቸዋል፤ ወንድ ልጅ ፊቱን መቀባቱን ሰምተዋል ብዬ ነው። ክስ ያሉትን ቅኔ ነው ብዬ አለፍሁት። አንገቴን ደፍቼ፣ «ጠበቃው ከጭድ ውስጥ ነው፣ የኔታ» አልሁ።

«ከጭድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እስኪበስል ነው።»

መሪጌታ ወደ አላምረው ዞሩ። «ያልበሰለ ጠበቃ ነው የያዘብን» አሉ።

«ሦስት ነበሩ» አልሁ እኔ፣ ሁሉንም ተናዝዤ ልገላገል ብዬ። «የመጀመሪያውን እናቴ በድስት ቀቀለችው። መራራ ሆነና ጣልነው።»

አላምረው እናቴን ከራሷ እስከ እግሯ አያት። ሁለት ዓመት ጣሊያንን ሲዋጋ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ሳያስበው ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ለእናቴ እጅ ነሣ።

«ሁለተኛውሳ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁለተኛውን ፊቴን ተቀባሁት።»

አላምረው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ። እናቴ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። እኔ ዛሬም በዚያ ቀን ከነበርነው ሰዎች አእምሮ የነበራት እሷ ብቻ ናት እላለሁ። ወደ ጓዳ ገብታ፣ ሦስተኛውን ፍሬ በሰፌድ አድርጋ አምጥታ ከመሪጌታ እግር ሥር አኖረችው።

«ጠበቃው ይህ ነው፣ የኔታ» አለች። «አስተርጓሚ የሚባል እንጨት ፈላጭ ነው ስሙን ያወጣለት። ለቆዳ መድኃኒት ነው ተብሎ ነው። ልጄ ሰው አልከሰሰም፤ ፊቱን ነው ያበላሸው።»

መሪጌታ ፍሬውን አንሥተው አገላበጡት፤ አሸተቱት፤ መለሱት። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ነው ብዬ ገና ተስፋ ሳደርግ አላምረው ቀደመኝ።

«ከጣሊያን የመጣ ነው?» አለ።

አዎ አልሁ።

«እኔ ጣሊያን ቆዳ ሲልጥ ነው የማውቀው» አለ። አልጮኸም፤ እንዲያውም ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ከሰማይ ጢስ ሲያወርድብን ጓደኞቼ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ተገፍፎ ሞተዋል። ያ ሕዝብ ዛሬ ለአንተ ፊት አዝኖ መድኃኒት ሰጠህ?»

ለአንድ ሠርግና ለአንድ ፊት ብዬ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሄድሁ ገባኝ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ቅርፊቱ ሥር ፊቴ አለመቆጥቆጡ ነው።

መሪጌታ እናቴን ውሃ አምጪ አሏት። ራሳቸው በቅል እየቀዱ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተንበርክኬ ታጠብሁ። ጥቁሩ ቅርፊት እየረጠበ ወረደ። ሦስት ጊዜ አሳጠቡኝ። ከዚያ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝና አውራ ጣታቸውን ጉንጬ ላይ አሻሹ። ብራና ሲፍቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቆዳ ያውቃሉ። አንዱን ጎን ዳሰሱ፣ ሌላውን ጎን ዳሰሱ። እኔም በእጃቸው መዳሰስ አወቅሁት፤ ስንጥቁ ገጥሟል፣ መላጡ ቆሟል፣ ጣታቸው ምንም ሳይዘው ይንሸራተታል።

«የተፋቀ ብራና» አሉ። «ይጻፍበታል።»

ይህ ሠርጉ አለ ማለት መሆኑን ከእናቴ እልልታ ነው የተረዳሁት። እልልታዋንም ቶሎ በእጃቸው አስቆሙት፤ ደጅ ላይ ሰው እንዳይሰማ።

አላምረው ግን ገና ፍሬውን በክፉ ዓይን ያየዋል። መሪጌታ ወደ እግሩ ተመለከቱ። እኔም ያን ጊዜ አየሁት። ተረከዙ ከእኔ እጅ የባሰ ተሰነጣጥቋል፤ ከወጀት ቡሬ ድረስ በዚያ እግር ነው የመጣው፤ ስንጥቁ ደም ቋጥሯል።

«ያ የያዝኸው ምንሽር የማን ነበር?» አሉት አባቱ።

«የጠላት። ማርኬው ነው።»

«ታዲያ ይህንም ማርከው። ጠላት ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም።»

አላምረው ጎንበስ ብሎ ተረከዙን ዳሰሰ። ከዚያ ፍሬውን ከሰፌዱ አንሥቶ በወገቡ ዝናር አጠገብ በመታጠቂያ ድጉ ውስጥ ሸጎጠው። እንግዲህ ያ ፍሬ ለእጄ ያስቀመጥሁት ነው። በሠርጌ ቀን እጄ እንደ ሰው እጅ እንዲሆን ስዳብሰው የከረምሁት ነው። ግማሹን ይተውልኝ እንደሆነ ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። አየኝ። ተውሁት። በስንት ዕድል ያተረፍሁትን ፊት ለእጄ ብዬ አላስመታውም።

እስከ አመሻሹ ድረስ እናቴ በየደቂቃው በበሩ ስንጥቅ እያየች ቆየች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሸኝተናቸው በመጡበት ተመለሱ። መሪጌታ ሲሰናበቱኝ «ደኅና ሁን» አሉ። ወርቁን አልፈለግሁትም። ወርቅም ቢኖረው ይኑረው፤ ደክሞኝ ነበር።

ሥራው ከሳምንት በኋላ እንደገና ሲጀመር ካቦው ፊቴን አይቶ ደስ አለው። ይርጋን ጠርቶ፣ የቀረው ጠበቃ የት አለ ብሎ አስጠየቀኝ። ከመላመድ የተነሣ ከአፌ አምልጦኝ «ዱር ገባ» አልሁ። ይርጋ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከአርባው ቃሉ መሐል አንድ የሚያድን ቃል ፈልጎ፣ አልቋል ብሎ ተረጎመልኝ። ያን ቀን ይርጋ አሳስቶ ሲተረጉም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ።

ዳግማይ ትንሣኤ ደረሰ። ሠርጉ በወጀት በኩል ሆነ። አላምረው ሊመጣ አልቻለም፤ ግን ከሩቅ ሰው ልኮ ተረከዙ እንደ ተሻለው፣ በሌሊት ሦስት ተራራ መውጣት እንደ ቻለ አስነግሯል። ሌላ ቢገኝ ቢላክለት ጥሩ እንደ ነበርም አስነግሯል። እኔ የጠበቃ ነጋዴ ሆኜ እንድቀር የፈለገ ይመስል!

ሚዜዎቼ ፊቴን እያዩ ሲደነቁ ዋሉ። ሴቶቹ ምን ተቀባ እየተባባሉ ተንሾካሾኩ። እኔ እጄን በጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ነው የዋልሁት። ስበላም በጫፍ በጫፉ፣ ስጨብጥም ጋቢዬን ጠቅልዬ። ሙሽራዬን ወደ ቤቴ ካመጣኋት በኋላ፣ ሚዜዎቹ እራት ሊበሉ ወጥተው ጥቂት ብቻችንን ቀረን። አንጓች ከገባች ጀምሮ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ደንቡ ነው፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ፊቴን በደንብ አየችው። ደስ ያላት መሰለኝ። ከዚያ እጇን ዘርግታ እጄን ከጋቢው ውስጥ ሳበች። መዳፏ መዳፌን ሲነካ ሻካራነቱ ተሰማት፤ ቀሚሷ ላይ ሳይቀር ያዘ። ገልብጣ አየችው፣ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለች።

«ፊትዎ ሠርግ ደርሷል» አለችኝ። «እጅዎ ግን ገና ጾም አልፈታም።»

የመሪጌታ ልጅ መሆኗን ያን ጊዜ አወቅሁ። ስለ ፍሬው፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ተርጓሚው፣ ስለ ጥጃዋ ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትሁና ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሷም አልጠበቀችኝም። ተነሥታ እናቴ ለፋሲካ የከፈተችውን የቅቤ ቅል አወረደች፤ አጠገቤ ተቀመጠችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትቀባቸው ጀመር።